ለሻምበሉ የተነሳሁ ቀን

የአገሬን እስር ቤት በጠረኑ ነው የማውቀው። ይሄኛው የሚሸተው የወለል ሰም ብቻ ነበር። ከዳላስ ወጣ ብሎ ያለ የስደተኞች ማቆያ ነው። ከአውቶቡስ ሲያወርዱን እጄ ከወገቤ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ስለነበር፣ አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ ማከክ አልቻልኩም። አገር ቤት በጻፍኩት ነገር ታስሬ፣ ተገርፌ፣ አምልጬ ነው የመጣሁት። ጥገኝነት እፈልጋለሁ አልኳቸው፤ እሺ ብለው አሰሩኝ። እንግዲህ ምን ይባላል።

ክፍሉ እስር ቤት ከመምሰል መጋዘን ይመስላል። ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ሲለፈልፍ የሚውል ቴሌቪዥን፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ኤሲ። ስኳር ስላለብኝ የታችኛው አልጋ ተሰጠኝ። ከላይ የሚተኙት ሃምሳውን ያለፉ ሰውዬ ሲያዩኝ «ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አማርኛ ስሰማ ደስ አለኝ። ሻምበል እንደነበሩ ሲነግሩኝ ግን ደስታዬ እዚያው ከሰመ።

ወታደር አልወድም። የጎን አጥንቴን የሰበረው የወታደር ጫማ ነው። ሻምበሉ የመኮንኖች ማሰልጠኛ ውስጥ የውጊያ ታሪክ ሲያስተምሩ እንደኖሩ፣ ሰልጣኞቻቸውን ሰልፈኛ ላይ እንዲያሰማሩ ሲታዘዙ እምቢ ብለው እንደታሰሩ አጫወቱኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አልኩ በሆዴ። በአንቱታ ነው የማናግራቸው፤ ያንን እናቴ አስተምራኛለች። ከዚያ ያለፈ ግን ፊት አልሰጠኋቸውም።

እሳቸው ደግሞ ማስተማር አይተዉም። ከእራት በኋላ አልጋቸው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ስለ ጥንት ሮማውያን ጦር ይጀምራሉ። የጠላትን ግንብ ቀድሞ የወጣ ወታደር የወርቅ አክሊል ይሸለም ነበር። የአንገት ቀለበትም ነበረ፣ ደረት ላይ የሚደረደር የብር ጌጥም ነበረ። በጣም ከሚከበሩት አንዱ ግን ከኦክ ዛፍ ቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነው፤ እዚህ ቴክሳስ በየፓርኪንጉ የሚተከለው ኦክ። የሚሰጠው በጦር ሜዳ የወገኑን ሕይወት ላተረፈ ሰው ነው።

«ቅጠል ሰጥተው ሸኙት በሉኛ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ያ ሰው ትርዒት ሊያይ ሲገባ ሹማምንቱ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ይነሱለት ነበር አሉኝ። ደግሞም አለቃው አይቻለሁ ቢል፣ ጓዶቹ ቢምሉ ዋጋ የለውም። የዳነው ሰው ራሱ፣ ያዳነኝ እሱ ነው ብሎ መናገር አለበት። ብዙዎቹ ግን መናገሩ ይከብዳቸው ነበር። ለምን አልኳቸው።

«በሌላ ሰው ምክንያት በሕይወት አለሁ ማለት ቀላል ነገር መሰለህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ማቆያው ውስጥ ካውንት የሚሉት ነገር አለ። እስረኛ ሲቆጠር ሁሉም አልጋው ላይ ይሆናል፤ ቆጠራው ሳያልቅ እግሩን መሬት ያስነካ ይቀጣል። አንድ ቀን ጠዋት ኢንሱሊኔን ወስጄ ምሳው ዘገየ፤ በዚያ ላይ ካውንት ተባለ። ስኳሬ ወርዶ ላብ አጠመቀኝ። ልጣራ ብል ምላሴ ተሳሰረ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጉንጬ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ሲያርፍ ነው።

የቀረውን ከጎኔ የሚተኛው ጓቲማላዊ ነው በተሰባበረ እንግሊዝኛ የነገረኝ። ሻምበሉ ከላይኛው አልጋ ዘለው ወረዱ። ጠባቂው ወደ አልጋህ ተመለስ ብሎ ጮኸባቸው፤ ነርስ ጥራ ብለው ጮኹበት። ከቁርስ ያስቀሯትን ማርመላታ በጣታቸው ድዴ ላይ እያሹ አልነሳም አሉ። ይሄን ሲያይ የክፍሉ ሰው በሙሉ ከአልጋው ወርዶ ቆመ። ቆጠራው ተበላሸ። በስተመጨረሻ ነርሷ መጣች፤ እኔ ተረፍኩ፤ ሻምበሉን በካቴና ጠፍረው ለብቻ ወደሚታሰርበት ክፍል ወሰዷቸው።

በማግስቱ አንድ ኃላፊ አስጠራኝ። ትንሽ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ስፒከር ላይ የተደረገ ስልክ። ስልኩ ላይ አስተርጓሚ አለች፤ አነጋገሯ አሜሪካ የከረመች የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ሶ፣ ኃላፊው የሚሉት፣ ያን ያህል ሲሪየስ አልነበረም፣ ነርስ እየመጣች ነበር፣ ሰውየው ግን ሰዉን ለረብሻ አነሳስቷል ነው። ይሄን ስቴትመንት ሳይን ቢያደርጉ፣ ማለቴ፣ ለቦንድዎ ጥሩ ነው ይላሉ።»

ስቴትመንት የምትለው የምስክርነት ቃሉን፣ ቦንድ ዋስትናውን ነው። ዳኛ ፊት የምቀርብበት ቀን ደርሶ ነበር፤ ከተፈቀደልኝ ሪቻርድሰን ከተማ እህቴ ቤት እገባለሁ፣ ራሴ አብስዬ በሰዓቱ እበላለሁ፣ በሬን ራሴ እዘጋለሁ። ኃላፊው እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋ አደረገው። ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት። ግን ደግሞ በገንኩ። ያገሬ መርማሪም እስክሪብቶ የሚገፋው ልክ እንደዚህ ነበር፤ የዚህኛው ልዩነቱ ፈገግ ማለቱ ነው።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ሻምበሉን አስገቧቸው፤ ለካ የሳቸውም ጉዳይ የሚታየው እዚያው ነው። ለብቻው የታሰረ ሰው የሚለብሰውን ቀይ ልብስ አልብሰዋቸዋል፣ እጃቸው ታስሯል፣ በአንድ ቀን ከስተዋል። ወደኔ አላዩም። እንዳልቸገር ብለው መሆኑ ገባኝ።

ብድግ አልኩ። «ኖር ሻምበል!»

ሳላስበው፣ አገር ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚባለው ነው የወጣኝ። ቀና አሉ። «በእግዜር» አሉ፣ ያውም ቀጥ ብለው ቆመው።

ኃላፊው ቁጭ በል አለኝ። አልተቀመጥኩም። ምን አለ ብሎ ስልኩን ጠየቀ። ሴትዮዋ ቃሉ በእንግሊዝኛ እንደሌለ፣ ሰው ለሚያከብረው ሰው ሲነሳ የሚለው እንደሆነ አስረዳችው። ለኔ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላም የምለው ካለ እንድናገር፣ አንድም ሳታስቀር እንደምትነግረው ገለጸችልኝ።

«እየሞትኩ ነበር በይው። ነርስ አልመጣችም ነበር። ያዳኑኝ እኚህ ሰው ናቸው። የምፈርመው ይሄ ከተጻፈ ብቻ ነው።»

ቃል በቃል ነገረችው። ኃላፊው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ጠባቂው ትከሻዬን ተጭኖ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ፤ ሻምበሉ እስኪወጡ ድረስ ቆሜ ቆየሁ።

ዋስትናውን ተከለከልኩ። ያን የቴክሳስ በጋ እዚያው ጨረስኩት። ሻምበሉም ለብቻ ከመታሰር አልዳኑም። ይቆጭሃል ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ምን ሲደረግ!

አሁን ጥገኝነቱ ተፈቅዶልኝ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ዋይሊ ከተማ ነው የምኖረው። ሻምበሉም ተፈተው እኔው ጋ ናቸው፤ ኬዛቸው ግን ውድቅ ተደርጎ ይግባኝ ላይ ነው። በቀደም ላይብረሪ ውስጥ ስለዚያ የቅጠል አክሊል ሳነብ፣ የዳነው ሰው ያዳነውን ዕድሜ ልኩን እንደ አባት ማክበር ነበረበት ይላል። ቤት ገብቼ ይሄን ለምን አስቀሩብኝ አልኳቸው።

«ያኔ ወታደር አትወድም ነበር፤ ትስቅብኝ ነበር» አሉኝ።

በየጊዜው ኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄዱ ሪፖርት ማድረግ አለባቸው። በዚያ በር ገብተው ያልወጡ ሰዎች እናውቃለን፤ ስለዚህ ብቻቸውን አልሰዳቸውም። ከሥራ አስፈቅጄ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ክንዳቸውን ይዤ እገባለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ምናቸው እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች። ልጃቸው ነኝ እላታለሁ። መታወቂያችንን ታይና ስማችሁ አይገናኝም ትለኛለች። ባይገናኝም ልጃቸው ነኝ፣ ጻፊው እላታለሁ።