የአጎቴ የይርጋ ሲዲ

ሰሞኑን እዚህ ሱዳን፣ ሰፈራችን ሳጃና ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬ ያለማቋረጥ ይንጫጫ ጀመር፤ ኔት ጠፍቶ ስልኬ ውስጥ ተዘግተው ግራጫ ሆነው ከከረሙት ዘፈኖች መካከል የአጎቴ የይርጋ ዘፈን ስሙ ደምቆ ብቅ ሲል፣ ገና ሳልከፍተው ልጅነቴ መጣብኝ።

ይርጋ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ አንድ አልበም አሳትሞ፣ ወደ ሊቢያ ሲሻገር እኛ ዘንድ ከርሞ፣ የያዛትን ብቸኛ ሲዲ ለእናቴ ትቶላት ሄደ፤ ባሕሩም በላው። እዚሁ ከተማ፣ ሪያድ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድረው እናቴ በጁምዓ ፈቃዷ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሲዲውን ታስከፍተኛለች፤ ሱዳናዊው አባቴ አንድም ቃል ሳይገባው ሻዩን እየጠጣ ራሱን ይወዘውዛል፣ እኔ ደግሞ ግማሹን በአረብኛ እየተረጎምኩለት አበላሸዋለሁ።

ሲዲው እየተጫረ ሲሄድ ኮፒ እንዲያደርግልን፣ ለሰፈሩ ሐበሻ ፊልምና ዘፈን የሚገለብጠው ጋሽ በየነ ሱቅ ወሰድነው። ደጋግሞ ሞከረ።

«ወላሂ እህቴ፣ አሳታሚው ቆልፎታል። ስገለብጠው ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣው።»

«የቆለፉት ለሌባ ነው» አለች እናቴ። «እኔ እህቱ ነኝ።»

ጋሽ በየነ ሲዲውን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ሰጣት።

ከዓመታት በኋላ፣ ሲዲው ጨርሶ አልጫወትም ሲል፣ ዘፈኑን በየወሩ በሚከፈልበት አፕ አግኝቼ ስልኬ ላይ አወረድኩት። «አሁንስ የኛ ሆነ?» አለችኝ። «ኸላስ፣ የኛ ነው» አልኳት።

የኛ አልነበረም። አባቴ ካረፈ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አፑ የወሩን መክፈሌን ማረጋገጥ አቅቶት ዘፈኑን ዘጋው። እናቴ ያኔ ታማ ተኝታ ነበር።

«ይርጋን ክፈቺልኝ» አለችኝ አንድ ቀን ጠዋት።

«ኔት የለም፣ ዩማ እናቴ። ሲመጣ እከፍትልሻለሁ፣ ኢንሻላህ።»

«እንግዲያው አንቺ ዝፈኚልኝ።»

አማርኛዬ እንኳን ለዘፈን ለወሬም አይበቃም፤ ቢሆንም አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የተኩሱ ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ፣ ያስታወስኩትን ያህል ዘፈንኩላት። «ናፈቀኝ» የሚለው ቦታ ስደርስ «ነፈገኝ» አልኩ።

«ናፈቀኝ ነው፣ ልጄ» አለችና ሳቀች። «ማን ነፈገሽ?»

ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋትም። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ጎረቤቶቻችን እናቴን ግቢያችን ውስጥ ቀበሩልኝ። አሁን ዘፈኑ ተመልሷል፤ በዚህ ቤት ግን አማርኛ የሚያናግረኝ የለም፤ ስሳሳትም ልጄ ብሎ የሚያርመኝ የለም።