ላቀው ያላሰማው ሸክላ

የእህቴን ባል ላቀውን ወድጄው አላውቅም። እህቴን ቻይነሽን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ዕለት፣ «ለመሆኑ ይህ ሰው ሞፈር ጨብጦ ያውቃል?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አባቱ ከቡሬ በላይ ያሉ አዊ ናቸው፤ መሬትም ከብትም ነበራቸው። እሱ ግን ከጉርምስናው ጀምሮ የነጋዴ በቅሎ ሲከተል የኖረ ነው። ወለጋን ያውቃል፤ በመተማ አድርጎም ሱዳን ይዘልቃል። ሌላው ነጋዴ ከዚያ አቡጀዲ ጭኖ ሲመለስ ላቀው ሸክላ ጭኖ ይመጣል። ሸክላ ስል ጋኑንና ማሰሮውን አይደለም፤ ግራሞፎን ላይ እየተሽከረከረ የሚዘፍነውን ጥቁሩን ክብ ነገር ነው።

ሰው ከብት ያረባል፣ ይህ ዘፈን ያረባል እያልሁ እቀልድበት ነበር። የዓረብ ዘፈን ነበረው፤ የግሪክ ነበረው፤ ምን እንደሚል እሱም የማያውቀው የህንድ ዘፈን ሳይቀር ነበረው። አንዱን ከአንዱ በጤፍ ጭድ ለይቶ፣ በሳጥን አድርጎ በበቅሎዋ ሲጭን ራሱ በእግሩ ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ በቅሎዋን አይመታትም፤ ይለምናታል። ቤት ሲደርስ እያንዳንዱን በጋቢው ጫፍ ይጠርግና ጠርዙን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ስንጥቅ ካለበት በድምፁ ያውቀዋል። የግራሞፎኑ መርፌ ሲያልቅበት የአጋም እሾህ በድንጋይ እየሳለ ይተክልበት ነበር። ያኔ እስቅበት ነበር እንጂ አልጠረጠርሁትም።

ጥርጣሬ የመጣው ከጣልያን ጋር ነው። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ሰው ከሰው ጋር ልብ ለልብ መነጋገር አቆመ። የጎረቤትህ ውሻ ሳይጮህ ካደረ «ማንን ለምዶ ነው?» ትላለህ። ገበያ የሄደ ሰው ቢያመሽ ትጠይቃለህ፤ ቀድሞ ቢመለስም ትጠይቃለህ። ላቀው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ መሄዱን አልተወም። እዚያ ሳልህ በሚባለው ዓረብ ሱቅ በረንዳ ላይ ሸክላ የሚወዱ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ፣ ለጣልያን ያደሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮች፣ አንድ ጣልያን የካሚዮን ነጂ። ጆንያ አንጥፈው ያላቸውን ይደረድራሉ፤ ወደ ፀሐይ ዘንበል እያደረጉ ጭረቱን ያያሉ፤ ይከራከራሉ፤ ይለዋወጣሉ። ደምበጫ ላይ፣ ወይም ያኔ ወጀት እንለው በነበረው በዛሬው ፍኖተ ሰላም፣ አዲስ ሸክላ ገባ የተባለ እንደሆነ ላቀው ጣልያን የፈረመበትን የይለፍ ወረቀት ይዞ እዚያም ይገኛል።

አንድ ቀን የካሚዮኑ ነጂ የተበጠሰ የሲኒማ ፊልም ቁራጭ ሰጥቶት ይዞ መጣ። ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባየው ጥቃቅን ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል።

«እነማን ናቸው እነዚህ?» አልሁት።

«እኔ ምኑን አውቄ! ስለማላውቃቸው አይደል የወደድኋቸው» አለኝ።

እንዲህ የሚመልስ ሰው እንዴት ይታመናል? እኔስ በዚያን ዘመን እናቴም ከመቃብር ብትነሣ አላምናትም ነበር።

ቀስ በቀስ አገሩ ሁሉ አንድ ነገር አመነ። ድምፅ የሚያወጣው የግራሞፎኑ ጥሩምባ ድምፅም ያስገባል ተባለ። ላቀው ቤት የተወራው ሁሉ ሸክላው ላይ ይቀራል፤ እሱም ቅዳሜ የሞላውን ለጣልያን ወስዶ ባዶውን ይዞ ይመለሳል ተባለ። ይዞት የሄደውና ይዞት የተመለሰው አንድ አለመሆኑን ደግሞ ሁሉም ያያል። ሰዉ እሱ ቤት ሲገባ አፉን በጋቢው መሸፈን፣ ጥሩምባው ከዞረበት በኩልም አለመቀመጥ ጀመረ። ላቀው ይህን ሲያይ ብርድ ነው ብሎ እሳት ይጨምርላቸው ነበር።

እኔ መጀመሪያ ይህን ወሬ አላመንሁትም። ያመንሁት እህቴን ካየሁ በኋላ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ በሬ ልዋስ ቤታቸው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ላቀው አልነበረም። ቻይነሽ ግራሞፎኑ ፊት ተንበርክካለች፤ ሸክላው የተፈታበት ቀይ ጨርቅ ጭኗ ላይ ነው። ጥሩምባው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሳበታለች፤ ሸክላው ይሽከረከራል፤ እኔ ጋ ግን ከመጫጫሩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ጆሮዋን አስጠግታ ትቆይና አፏን አስጠግታ ታንሾካሹካለች።

«ደኅና ነን» ትላለች። «ሁላችንም ደኅና ነን። ንብረትም ደኅና ነው፤ እዚሁ ነው ያለው።»

ንብረት የኔ ስም ነው። የገዛ እህቴ የት እንዳለሁ ለጥሩምባ ስትናገር በጆሮዬ ሰማሁ! በሬውን ሳልጠይቅ ተመለስሁ፤ ለማንም አልተነፈስሁም። እሷን ለመጠየቅም ፈራሁ፤ የጠየቅኋት እንደሆነ መጠየቄም ሸክላው ላይ ይገባል ብዬ።

ወር ሳይሞላ የፈጠም ገደል ነገር መጣ። የአገራችን አርበኞች አለቃ ቀኛዝማች እጅጉ ሰዎቹን ከገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ጣልያን ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ሳይጠይቅ፣ ሳይሳሳት ዋሻው ደረሰ። ሰባት ሰው ሞተ። ቀኛዝማች ለቅሶው እንዳበቃ አውጫጭ ይቀመጥ ብሎ አዘዘ።

አውጫጭ የቆየ ሕጋችን ነው። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ የደብሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እርሻ ቢያድር፣ ከብት ቢጠማ ግድ የለም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች ለብቻቸው ሹክ ይላል። ያን ሰው «ወፍ» ይሉታል፤ ስሙ አይነገርም። በሁለተኛው ቀን ወፍ የሆንሁት እኔ ነኝ። የእህቴን ነገር ዋጥ አድርጌ፣ ላቀው ሸክላ ላይ ወሬ እያስገባ ቡሬ ያደርሳል አልሁ።

ሳጥኑንና ግራሞፎኑን ይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ። መጣ። ቀኛዝማች ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ሸክላህ የኛን ነገር ለጠላት ያወራል ተብሎብሃል፤ ምን ትላለህ?» አለው።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን እላለሁ፤ አንቱው ይስሙት» አለ ላቀው። «ሁሉንም አንድ በአንድ አሰማለሁ። የዚህ አገር ሰው ድምፅ ከተገኘበት አንገቴ ይኸው።»

ማሰማት ጀመረ። የመጀመሪያው ሲዘፍን ግማሹ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። በሦስተኛው ተጠጋ። አንዲት ግሪክ ልቅሶ የሚመስል ዜማ ስታወጣ ሽማግሌው አባ ዓለምብርሃን አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት። የዓረብ ከበሮ ሲመታ አንዱ ጎበዝ ትከሻው አመለጠውና በኀፍረት ወዲያ ወዲህ ተገላመጠ። ላቀው እሾህ ይቀይራል፣ ይጠርጋል፣ «ፀሐይ ያጎብጠዋል፣ እባካችሁ ጥላ ያዙልኝ» ይላል፤ እነዚያው ሊሰቅሉት የመጡት ጋቢያቸውን ዘርግተው ጥላ ይይዙለታል። ሠላሳ ያህል ሸክላ ተሰማ። የኛ ድምፅ የለም። ቀኛዝማችም ፈገግ ማለት ጀመረ።

ነጻ ሊወጣ ነው። እሱ ነጻ ወጣ ማለት እኔ ዋሸሁ ማለት ነው። አፌን መዝጋት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። አልዘጋሁም።

«ከሥር በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለው ቀርቷል!» ብዬ ተነሣሁ።

ላቀው ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼ አላውቅም። የተቆጣ ፊት አልነበረም።

«ንብረት፣ ተው» አለኝ። «በማርያም ይዤሃለሁ፣ ይህን ተው።»

«ምን ፈራህ?»

«አሰማ!» አለ ቀኛዝማች።

ላቀው ጨርቁን ፈታ። ሸክላውን በሁለት እጁ አንሥቶ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ አላተመው። ስብርባሪውንም በተረከዙ እስኪደቅቅ ረገጠው። ሜዳው ተናወጠ። ሰው ሁሉ «ባንዳ! ባንዳ!» እያለ ተነሣ፤ ጠመንጃ ተቀባበለ። አባ ዓለምብርሃን ኩታቸውን መሀል ጣሉና «ያልተሰማ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ በጥርጣሬ ደም አታፍስሱ» ብለው ገዘቱ። በሳቸው ልመና ነፍሱ ተረፈች። አገር ለቆ እንዲሄድ፣ ከእሑድ በኋላ ከደብራችን ወሰን ውስጥ ያገኘው ሰው ቢገድለው እንዳይጠየቅ ተፈረደ። ግራሞፎኑንና የቀሩትን ሸክላዎች በሰደፍ ሰባበሯቸው።

በማግስቱ ቻይነሽ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሄጄ፣ «አንቺ ምን አደረግሽ፤ ቅሪ» አልኋት። ጥሩምባውን ስታናግር ማየቴንም ያን ጊዜ ነገርኋት። እጇን ከዕቃው ላይ አነሣች።

«ያ የተሰበረው ተስፋው ነው» አለችኝ።

ተስፋው ታላቅ ወንድማችን ነው። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወደ ሰሜን ዘምቶ ሞተ ተብሎ መርዶ መጥቶልናል፤ ተዝካሩን አውጥተናል።

«አልሞተም» አለች። «ተማርኮ ለጣልያን ገብቷል። ጣልያን ሸክላ ላይ አስገብቶት፣ አገሬውን ‹ግቡ፣ ዕርቅ ይሻላል› እያለ ይናገራል። ያንተንም ስም ይጠራል፤ ‹ወንድሜ ንብረት፣ ሰዎችህን ይዘህ ግባ› ይልሃል። ሳልህ ቅዳሜ ለገበያተኛው እንዲያሰማው ከምሽጉ ተሰጥቶት ኖሮ ላቀው የሚሳሳላቸውን ዐሥራ አንድ ሸክላ ሰጥቶ ለወጠው። ሊሰብረው ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የወንድሜን ድምፅ እንዴት ላሰብር? እሱ በሌለ ጊዜ እየከፈትሁ እሰማዋለሁ፤ ስለ እናንተ የሚጠይቅ እየመሰለኝ እመልስለታለሁ።»

ያ ሸክላ ቢሰማ ኖሮ ጥርጣሬው ወደኔ ዞሮ ላቀው ነጻ ይወጣ ነበር፤ ሜዳው ላይ የምሰቀለው እኔ ነበርሁ። ያን ዕለቱን ሄጄ ለቀኛዝማች መናገር ይገባኝ ነበር። «የባንዳ ወንድም» መባልን ፈራሁና ዝም አልሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እህቴና ባሏ በቅሎዋን እየጎተቱ ቁልቁል ሲወርዱ ከአጥሬ ውስጥ ሆኜ አየኋቸው።

ከፋሲካ በኋላ እውነተኛው ጠቋሚ ተያዘ። ገደፋው የሚባል የቅቤ ነጋዴ ነው፤ የጣልያን ወረቀት ኮርቻው ውስጥ ተሰፍቶ ተገኘበት። አውጫጩ ላይ ከኛ ጋር አብሮ ተቀምጦ ነበር። ቀኛዝማች አስጠራኝና «የእህትህ ባል ንጹሕ ኖሯል። ያን ሸክላ ለምን እንደሰበረ ራሱ ያውቃል፤ አልጠይቀውም። ሂድና አገርህ ግባ በለው» አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የላቀውን እግር ስሜ፣ ሁሉን ነግሬ፣ ይዣቸው ልመለስ ቅዳሜን እንኳ መጠበቅ ከበደኝ።

እህቴና ባሏ ሳልህ ዘንድ መጠጋታቸው ተሰምቶ ነበር፤ ቡሬ ስደርስ በረንዳው እንደ ወትሮው ሰው ነበረበት። እኔን ሲያዩ ወሬያቸው ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው ሸክላውን ወደ ጉያው አስገባ። ላቀው ከስቷል፤ ለሳልህ ጆንያ እየተሸከመ ነው የሚኖረው። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አቆመኝ፤ ዓይኑ ግን ከኔ ጀርባ መንገዱን ያያል።

«ከማን ጋር መጣህ?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«ማን ላከህ?»

«ቀኛዝማች። ጠቋሚው ተገኝቷል፤ ገደፋው ኖሯል። ና አገርህ ግባ ብሎሃል። ያን ጊዜ ወፍ የሆንሁብህም እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።»

«‹ቀይ ጨርቅ› ስትል አውቄዋለሁ» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ወሰኑን ስሻገር የሚጠብቀኝ ሰው ግን የትኛው ዛፍ ሥር ነው?»

ማልሁ። በማርያም ማልሁ፣ በአባቴ አፅም ማልሁ። እየማልሁ ስሄድ ፊቱ ይበልጥ እየተዘጋ ሄደ። እህቴን ልይ ብዬ ከሱቁ ጓሮ ያለችውን ጎጆ አንኳኳሁ። ቻይነሽ ድምፄን ለየች፤ የበሩን መወርወሪያ ግን አላነሣችውም። «ማን አብሮህ አለ?» አለች፤ ማንም የለም ብላት እንደገና ጠየቀችኝ። ውኃ ለመንኋት። የእናቴ ልጅ በበሩ ስንጥቅ በጣሳ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ጣሳውን መለስሁላትና ብቻዬን ወደ አገሬ ተመለስሁ።