የሁለት እግር ውሃ

አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። ማታ ማታ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ በማንቆርቆሪያ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። ፊትና እጃቸውን ቶሎ ይታጠባሉ፤ እግራቸው ላይ ሲደርሱ ግን መጨረሻ የላቸውም። ትንሿን የእጅ ጣታቸውን በእግር ጣቶቻቸው መሃል ያስገባሉ፤ የቁርጭምጭሚታቸውን ጉብታዎች ዙሪያውን ያሻሉ፤ ከዚያ ከተረከዛቸው በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት ቁልቁል ይጠርጉታል።

«አባባ፣ መሸ እኮ!» እላቸዋለሁ።

«ሸክሙን የቻለው ጀርባዬ ይመስልሻል? ይቺ ናት የቻለችው» ይላሉ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን መታ መታ እያደረጉ። «ሰው ፊቱን ለሰው ይታጠባል፣ ተረከዙን ለአላህ። በይ አፍሺ!»

ለውዱእ የሚቀመጡባት ድንጋይ ዛሬም ደጃፋችን ላይ አለች፤ ደርቃለች። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው።

ያረፉ ቀን፣ ጀናዛው ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የአስር ሶላት እንዲደርስ ወንዶቹ ተጣደፉ። ሴት ነኝና ሲያጥቧቸው መግባት አልቻልኩም። ከመጋረጃው ውጪ ቆሜ የውሃውን ድምፅ አዳምጥ ነበር።

«በጣቶቻቸው መሃል! ተረከዛቸውንም!» ብዬ ተጣራሁ።

«አብሽሪ፣ ታጥበዋል» አለኝ ታላቅ ወንድሜ ከውስጥ።

ወንድሜ አልዋሸኝም፤ እንደሚያውቀው አጥቧቸዋል። እኔ ግን ያን ውሃ ስንት ዓመት አፍስሻለሁ፤ የአያቴ እግር ምን ያህል እንደሚፈጅ ጆሮዬ ያውቃል።

ውሃው ቶሎ ነው የቆመው።