አንዲት ሴት እንደ ሦስት ስትቆጠር

እትዬ አቼቶ ነርስ ናት፤ ለእኔ የአክስቴ ልጅ። ስሙን ያወጡላት የሚታከሙት ሴቶች ናቸው፣ ሥራዋ በአቼቶ ስለሆነ። ጥጥ አቼቶ ውስጥ ትነክርና የማሕፀን በር ትቀባለች፣ ጥቂት ትታገሣለች፣ ባትሪ አብርታ ታያለች። ምንም ከሌለ «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብላ ትሸኛለች። ነጭ ነገር ብቅ ካለ ግን ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥግ ላይ ከቆመው የጋዝ ሲሊንደር ቱቦውን ትስብና እዚያው በጋዙ ብርድ ታቃጥለዋለች። አለቀ። ሴትዮዋ በመጣችበት እግሯ ታክማ ትወጣለች።

ነርስነቱን የጀመረችው በትልቁ ሆስፒታል፣ ካንሰሩ ሥር የሰደደባቸው ሴቶች በሚተኙበት ክፍል ነው። ነጩን ነገር በጊዜው ማንም ያላየላቸው። ከሽታው የተነሳ የገዛ ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው ነበር የሚጠይቋቸው። እሷ ታጥባቸዋለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አይልም። «ቤቴ ገብቼ ልብላ ስል እጄ ላይ አለ» ትል ነበር። አንድ ቀን አለቃዋ ዘንድ ገብታ «ቀድሜ የማገኛቸው ቦታ ላኩኝ፣ እዚህ ሬሳ አጣቢ ሆኛለሁ» አለች። ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ላኳት። በጣቢያው ግድግዳ ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። መጻፍ ማን ይከለክላል!

ምላሷ ምላጭ ነው። አንዷ ሴት አፍራ ቀሚሷን ጨብጣ ስትቀር «ምኑ ነው የሚያሳፍርሽ? የኔም እንዳንቺው ነው፣ መንግሥት የተለየ አልሰጠኝም» ትላታለች። ሴትዮዋ ስትስቅ ምርመራው አልቋል።

ዓምና አጥኚዎች መጡ። የጣቢያውን የመከላከል አገልግሎቶች ሊያነጻጽሩ ነው፦ የሕፃናት ክትባቱን፣ የደም ግፊት ልኬታውን፣ የእትዬ አቼቶን ክፍል። በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚያድነው የቱ ነው? ጥያቄው ደግ ነው። የድሃ ገንዘብ ነውና መጠየቅም አለበት። የሚያቅለሸልሸው መልሱን ያገኙበት መንገድ ነው። የየክፍሉን ወጪ ወስደው በበሩ ለገባው ሰው ብዛት አካፈሉት። ስንት ሰው ዳነ? ስንት ሴት ከዚያ ከሚሸተው ክፍል ተረፈች? እሱን የጠየቀ የለም። ደም ግፊታቸውን የሚያስለኩ አንዲት አሮጊት በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራሉ፤ ብቻቸውን መንደር አከሉ። የእትዬ አቼቶ ሴቶች አንዴ መጥተው ታክመው ስለሚሄዱ ክፍሏ «ውድ» ተባለ፣ ከሁሉም መጨረሻ ወጣ።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አስጠራት። በዕድሜ ልጇ ይሆናል።

«እትዬ፣ ክፍልዎን ሊዘጉብን ነው። ግን መላ አለኝ።»

«እስቲ መላህን ልስማው።»

«ሰኞ ያዩዋታል። ሐሙስ ውጤቷን ይነግሯታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያክሟታል።»

«አንተ ልጅ፣ አቼቶው ውጤቱን እዚያው ይነግረኛል! እስከ ሐሙስ ምን ላድርገው፣ ላሳድረው?»

«አንዷ ሴት ሦስት ጊዜ ትቆጠርልናለች። በሰው ሲካፈል ወጪያችን ወደ ሲሶ ይወርዳል።»

«አንድ እንቁላል ሦስት ቦታ ስለቆረጥከው ሦስት እንቁላል ይሆንልሃል?»

«እትዬ ደግሞ! ሰዎቹ እንቁላሉን መች ያያሉ፣ ሳህኑን ነው የሚቆጥሩት» አላት እየሳቀ።

ሳቀ! ሞኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። አውቆ ነው የሳቀው።

እሷም ክፍሉ ተዘግቶ ከሚቀር ተሸንሽኖም ቢሆን ይኑር ብላ እሺ አለች። በመጀመሪያው ሰኞ አንዲት ልብስ አጣቢ መጣች፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምታጥብ፣ ጣቶቿ በሳሙና የተላጡ። እትዬ አቼቶ ባትሪውን ስታበራ ነጩ ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ሲሊንደሩ በክንዷ ርቀት ቆሟል።

«ምን አየሽብኝ?» አለች አጣቢዋ።

«ሐሙስ ይነገርሻል።»

«ኧረ እትዬ! ዛሬንም የመጣሁት የሰኞዋ አሠሪዬ ዘመድ ጥየቃ ብትሄድ ነው። ሐሙስ ከቀረሁ የሐሙሷ በቦታዬ ሌላ ታስገባለች።»

«ሐሙስ ነይ ብያለሁ» አለቻት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ሐሙስ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣችም። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ «ቁጥራችን አምሯል!» ይላል። እትዬ አቼቶ ደግሞ እጇን ደጋግማ ትታጠባለች። ያ የሆስፒታሉ ሽታ ተመልሶ መጥቶባታል፤ አሁን ግን የማን እንደሚሆን ታውቃለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ሰፈር ለሰፈር፣ ልብስ የተሰጣበትን ግቢ ሁሉ እያንኳኳች ጠየቀች። አጣቢዋን አገኘቻት፣ አረፋ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ።

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

«ልብሱስ?»

«ይዘፍዘፍ! ልብስ ተዘፍዝፎ ሲሞት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሠሪዋ ከቤት ብቅ ብላ «የእኔን አንሶላ ማን ሊጨርስ ነው?» አለች።

«እኔ እመጣለሁ፣ እመቤቴ» አለች እትዬ አቼቶ። እውነትም ማታ ከሥራ ስትወጣ ሄዳ አጥባ አሰጣችው።

ጣቢያው ወስዳ ስታያት ነጩ ነገር ከፊተኛው ቀን ብዙም አልተለወጠም፣ ጋዙ የሚደርስበት ነበር። እዚያው አቃጠለችው። አጣቢዋ ቀሚሷን እያስተካከለች «ይኸው ነው? ለዚህች ነው ስታመላልሱኝ የነበረው?» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ሐሙስ ነይ አላለችም። ቁጥሩ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ከክፍሏ አንስቶ ካርድ ማውጫ መስኮት ላይ አስቀመጣት፤ ያንን ሁሉ ዓመት የሠራችውን ሴት! በቦታዋ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ነርስ አስገባ፣ የሦስት ቀኑ ምልልስም ተመለሰ።

እትዬ አቼቶ ታዲያ ዝም የምትል አይደለችም። ካርድ ስትሰጥ በመስኮቱ ጎንበስ ትልና «ነጭ አለብሽ ካለችሽ ከአልጋው አትውረጂ» ትላለች። መጀመሪያ ያልወረደችው ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት፣ ድምፅዋ ገበያ የለመደ። ወጣቷ ነርስ ብትለምናት እንቢ አለች። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ፤ ግን እንዴት ይግባ? ሴትዮዋ እግሯን ከፍታ ተኝታለች። ደጅ ቆሞ በሩን ይደበድባል።

«ትውረድ በያት!»

«አልወርድም! ወንድ ከሆንክ ግባና አውርደኝ!»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቷ ነርስ ግራ ቀኝ አይታ ጋዙን ከፈተችው። በማግስቱ ሌላዋም አልወርድም አለች፣ ከዚያ ሌላዋ።

አሁን ሴቶቹ በአንድ ቀን ይታከማሉ። ያ ጉደኛ ሥራ አስኪያጅ ግን አልተሸነፈም፤ ልጅቷን «አንዷን ሦስት አድርገሽ ጻፊ» አላት። ጻፈች። አጥኚዎቹ ዘንድሮ ተመልሰው ሲያነጻጽሩ ክፍሉ አንደኛ ወጣ፣ እሱም ተጨበጨበለት። አንደኛ ካለ መጨረሻ አለና መጨረሻ የወጣው የሕፃናት ክትባቱ ሆነ። «ውድ ነው» ተባለና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ትናንት እትዬ አቼቶ መስኮት ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ካርድ ጠየቀች።

«ክትባት ዛሬ የለም ይላሉ» አለች እትዬ አቼቶ።

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

እትዬ አቼቶ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ በጓሮ በር ወጥታ ሴትዮዋን በክንዷ ያዘቻት። የክትባቱ ክፍል በር ከውስጥ ተቆልፏል። መጀመሪያ በእጇ መታችው፣ ከዚያ በነጠላ ጫማዋ።