ባዶ ጀሪካን በአውበሬው አሮጌ መንገድ

ከጅግጅጋ ወደ አውበሬ የሚወስደውን፣ ድሮ የጭነት መኪኖች ይመላለሱበት የነበረውን አሮጌ መንገድ እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ እያልኩ የሻይ ጓደኛዬን ለዓመታት አሰልችቼዋለሁ። ጓደኛዬ ጡረታ የወጣ ሶማሌ አስተማሪ ነው። ዝናብ በቀረበት በአንዱ ዓመት፣ "እንግዲያው አሳየኝ" አለኝ።

የልጄን ባል ላንድክሩዘር ለምኜ ወጣን። መሪ ስጨብጥ ጎረምሳ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ወገቤ ግን ይህን ወሬ አልሰማም። "ያውልህ፣ እዚያ ማዶ ግራሩ ላይ ጭልፊት! ያለ መነጽር ነው እንግዲህ" እያልኩ ጓደኛዬን አደረቅኩት።

ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ከመንገዱ ዳር ቆማ ባዶ ጀሪካን ወደ ላይ አነሳች። በዚያ አገር ይህን ያየ ሾፌር ይቆማል፣ ካለው ውሃ ይቀዳል፤ ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ የለም። እኛ ደግሞ ከኋላ ሙሉ ጀሪካን ጭነናል። አሸዋ ላይ ከቆምኩ ተነሥቼ የምሄድ አልመሰለኝምና ፊቴን ቀጥ አድርጌ ነዳጅ ረገጥኩ።

"ሴትዮዋን አላየሃትም እንዴ?"

"የቷን?"

ብዙም ሳንርቅ አሸዋው ዋጠን። በረገጥኩ ቁጥር ጎማው ወደ ታች ሰመጠ፣ ሞተሩ ፈላ። ከውሃው ግማሹን ራዲያተሩ ጠጣው።

ያኔ ያቺው ሴት ጀሪካኗን አንጠልጥላ ደረሰች። ቁጥቋጦ ሰባብራ ከጎማው ስር ጎዘጎዘች፣ ከጓደኛዬ ጋር ገፋች፣ ወጣን።

"አዴር፣" አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ በገበያ አማርኛዋ። "ቅድም እኔን አላየህ?"

"ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።"

ጓደኛዬ ጭልፊቱን ወዳሳየሁት ግራር አቅጣጫ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ምነው አሸዋው እኔን ብቻ በዋጠኝ!

የተረፈውን ውሃ ጠብ ሳላደርግ ቀዳሁላት። የጠማት እናቷ ነበረች፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ዛፍ ጥላ ስር አገኘናት። በእኔው ዕድሜ የምትሆን አሮጊት ናት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እየጠጣች ልጅቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። አሮጊቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እኔን እኔን እያየች በሶማሊኛ መረቀች።

"ምን አለች?" አልኩት ጓደኛዬን።

"አላህ ዓይንህን ያብራልህ ነው የምትለው። አሜን በል እንጂ፣ ሰውዬ፣ እየጠበቀችህ ነው!"

አሜን አልኩ፤ የማያይ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ።