የአንድ ግስ አንድምታ

ሰኔ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ደብረ ብርሃን፣ በማስተምርበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ፊታችን ቆመ። ፈታኞቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ አንጋፋ ፕሮፌሰር። ተማሪው አንኮበር እንግሊዝኛ ያስተምራል። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ተመልሶበታል፤ ዳግመኛ ከወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል።

ርእሱ «ጌት» (get) የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉምና አመጣጥ ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ አስቀድሞ አስግቶኛል። የግሱ ፍቺዎች፣ ማግኘት፣ መድረስ፣ መሆን፣ መረዳት፣ ሁሉም እኩል ተሰልፈዋል፤ የቱ ከየትኛው እንደ ወጣ አልተነገረም። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ገብቶኛል። አባቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው። በዚያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጉባኤ ለአንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ፍቺ ይደረደርለታል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፤ እንዳላዳላ ራሴን እፈራ ነበር።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መሪጌታ፣ ለእንግሊዝኛም ጉባኤ ዘረጋህለት?»

«ይቅርታ፣ ፕሮፌሰር…»

«ይቅርታውን ተወውና ፍረድ! ሥሩ የቱ ነው?»

ተማሪው የጽሑፉን ገጾች ያገላብጥ ጀመር። ፕሮፌሰሩ ውጤት ሊሞሉ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«የአባትህን ጉባኤ ለጊዜው ተወው» አልሁት። «የሰበሰብኸው ማስረጃ ምን ይላል? በዘመን ደርድረው።»

ወደ ሰሌዳው ዞረ። ቃሉ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ እንደ ገባ፣ የጥንት ሥሩም መጨበጥ እንደ ሆነ ጻፈ። «ፎርጌት» (forget)፣ መርሳት፣ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስም የዚያው ሥር ዘመድ ነው፤ የጨበጡትን መልቀቅ። ማግኘት ቀደመ፤ መድረስ ተከተለ፤ መሆን ቆይቶ መጣ፤ መረዳት ከሁሉም የቅርብ ነው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍኸውም?» አሉት ፕሮፌሰሩ።

«አንዱን ካስቀደምሁ ሌላውን የሻርሁት መስሎኝ ነው።»

ተማሪው ከወጣ በኋላ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተከራከርን። «እኔ የምመዝነው የተጻፈውን እንጂ ሰሌዳ ላይ የተቃናውን አይደለም» አሉ። ማስረጃው ሁሉ በምዕራፉ ውስጥ ተበትኖ እንዳለ፣ የጎደለው ፍርድ ብቻ እንደ ሆነ ገጹን እየገለጥሁ አሳየኋቸው። አልተስማማንም፤ ውሳኔው አደረ። ለተማሪው የነገርሁት ነገ ጠዋት እንዲመጣ ብቻ ነው። ዐይኔን አይቶ መልስ ሲፈልግ ዞር አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ምዕራፉን ዳግመኛ አንብበው፣ ማስረጃው በውስጡ እንዳለ አምነው መጡ። ተማሪው እንዲያልፍ፣ ምዕራፉን ግን በዘመን ቅደም ተከተል እንደ ገና እንዲጽፈው፣ ሲጨርስም ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አይተው እንዲፈርሙበት ወሰንን።