ወንድሜ እንደገና ሊማር

እህታችን በምጥ ሞተችብን። በአርባዋ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ሄዶ አዋላጅ ነርስነት ሊማር መሆኑን ለአባታችን ነገራቸው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ ከእኛ ጋር ሲያርስ ነበር የከረመው። ዳሱ ውስጥ የተቀመጡ አንድ ጎረቤታችን ሳቁ።

«ዲግሪ እያለህ እንደ አዲስ? ያውም የሴት ሥራ?»

ወንድሜ ቀና አላለም። «በቃሬዛ ወደ ቡሬ ሆስፒታል ስንወስዳት እጄን ይዛ፣ ‹አንተ የተማርኸው፣ ምን ላድርግ?› አለችኝ። ምን አውቃለሁ? አይዞሽ አልኋት» አለ።

በእኛ ቀበሌ የተመረቀ ሰው ሁሉን ያውቃል ይባላል። እኔም ቃሬዛውን ከኋላ ተሸክሜ፣ እሱ አብሯት ስላለ ትተርፋለች ብዬ ነበር።

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። «እርሻውስ?»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እኔም ለመሄድ አስብ ነበር። ግን እሷን ከቀበርን ወዲህ ማሰቡም ይደክመኛል።

«እኔ አለሁ» አልኋቸው።

«እንግዲህ ሂድ» አሉት።

ጎረቤታችን ሳቃቸውን ትተው፣ «ምራቴ በሐምሌ ትወልዳለች። ትደርስላታለህ?» ብለው ጠየቁት።

«አልደርስም» አላቸው ወንድሜ። «ምጡ ሳይመጣ ቡሬ ውሰዷት።»